በካቴድራሉ አጥር ላይ የነበረው ቀይ ምልክት

ይህ ነገር ተጽፎ ሰው ሊያነበው የሚገባ መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። የጠፋ ሰው የለም፣ የተሰረቀ ዕቃ የለም፣ ፖሊስም አልተጠራም። አንዲት የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቆየ ካቴድራል ልትሥል ሄዳ ሥዕሏ ተያዘባት፤ በአጭሩ ይኸው ነው። ልጽፈው እንዳሰብኩ ለአክስቴ ስነግራት «ያንን ጊዜ ለትምህርትሽ ብታደርጊው» አለችኝ። ግን ክረምቱን ሙሉ ሰው በጥርጣሬ ሲያየኝ፣ እኔም መልሼ ሰውን በጥርጣሬ ሳይ ስለከረምኩ፣ ሳልጽፈው ከውስጤ የሚወጣ አልመሰለኝም።

መነሻው የትምህርት ክፍል ምደባ ነው። እኔ አርክቴክቸር መግባት እፈልጋለሁ። ፈላጊው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ስለሆነ የሥዕል መምህራችን ለክረምቱ አንድ ሥራ ሰጡን። በየአገራችን ካሉ የቆዩ ሕንፃዎች አንዱን መርጠን፣ በእጃችን ለክተን፣ በእርሳስ ሥለን መስከረም ላይ እንድናመጣ። «ከስልክ ፎቶ የገለበጠ ወዲያው ይታወቀኛል» አሉ። «ሕንፃ ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ግቢውም አጥሩም ይለካ።» ሥዕል ያላመጣ ተማሪ ለምደባው አይታይም። እኔ መምህር ያዘዘኝን ነገር አንድም ሳላስቀር የምፈጽም ሰው ነኝ። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

የተወለድኩት ዶዮገና ነው። ቤታችን ከምባትኛ እናወራለን፤ የምንሄደውም ፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ነው። ዶዮገና ውስጥ የቆየ ሕንፃ ብፈልግ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ብቻ ስላገኘሁ ሆሳዕና አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ካቴድራሉም ከቤቷ ብዙ አይርቅም። አባቴ ይህን ሲሰማ በስልክ «የኛ ጸሎት ቤት ምን ሆነና?» አለኝ። የኛ ጸሎት ቤት እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የተሠራ የብሎኬት አዳራሽ መሆኑን አስታወስኩት። ደህና ሁኚ ሳይለኝ ስልኩን ዘጋው። አዘጋጉ ደስ አላለኝም።

በመጀመሪያው ቀን ሱሪ ለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ካፖርት የደረበ ረጅም ሽማግሌ ዘበኛ ቆሟል። ሌላው ሰው ሁሉ በሩን እየተሳለመና እያማተበ ሲገባ እኔ ሰተት ብዬ ሳልፍ አየኝ።

«አንቺ ልጅ! ወዴት ነው?»

«ሕንፃውን ልሥል ነው አባባ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በሱሪ?»

ሱሪው ሥዕሉን ምን እንደሚያደርገው ባይገባኝም ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩ። በማግስቱ የአክስቴን ረጅም ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላዋን ተከናንቤ መጣሁ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ።

«ትናንት በሱሪ፣ ዛሬ በነጠላ» አለ ዘበኛው አጠገቡ ለቆሙት ሴቶች፣ እኔም እንድሰማ ጮክ ብሎ። «ነገ ደግሞ ቆብ ጭና ትመጣ ይሆናል።» ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ከየት እንደመጣሁ በሀዲይኛ ጠየቀኝ። በምችለው ሀዲይኛ መለስኩለት።

«አሃ፣ ከምባታ ነሽ» አለ ወደ አማርኛው ተመልሶ። «ከዚያ ድረስ የኛን ግንብ ልትለኪ መጣሽ?»

«ዶዮገና ሩቅ አይደለም አባባ።»

«ሩቅ አይደለም!» ብሎ ደገመው፣ ራሴን ያጋለጥኩ ይመስል።

ቢሆንም አልከለከለኝም። ጽዶቹ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መሣል ጀመርኩ። ካቴድራሉ ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ግንብ ነው። የቆርቆሮ ክዳኑ ሁለት ደረጃ ሆኖ ይወጣና ጫፉ ላይ ጉልላቱን ይሸከማል። ከሩቅ ሲያዩት ማዕዘኖቹ እኩል ይመስላሉ፤ ሲሥሉት ግን በምዕራብ በኩል ያለው ጎን ትንሽ ጠበብ ይላል። ያን ያስተዋልኩ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለማንም ባወራ የሚገባው አይመስለኝም። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ምንጣፍ የምትጠርግ ሴት ጫማዬን አስወልቃ በሴቶች በር በኩል ውስጡን እንዳይ ፈቀደችልኝ። መጋረጃውን አየሁ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን መቅደስ ግን ማየት አይፈቀድምና በፕላኔ ላይ መሐሉን ባዶ ተውኩት። ወደ ድንጋዬ ስመለስ ዘበኛው ከኋላዬ ቆሞ ወረቀቱን ሲያይ ደረስኩ።

«መሐሉ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ስላላየሁት ነው።»

«ሌላውን ሁሉ አይተሽ ያንን ብቻ ሳታዪ!» ብሎ እየተነጫነጨ ሄደ።

ቀጥሎ መለካት ነበር። የነበረኝ አጭር ሜትር ነው። የሚይዝልኝ ሰው ስለሌለ አንዱን ጫፍ በድንጋይ እጫንና ሜትሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጌ ከዚያ እቀጥላለሁ። አጥሩ ኖራ የተቀባ ስለሆነ ነጭ ጠመኔ አይታይበትም። ከአክስቴ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ቀይ መረጥኩ። እንዳላሳስት ብዬ በየምልክቱ ላይ ኤክስ አደረግሁና አጠገቡ ፊደል ጻፍኩ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በጣም ንጹሕ ሥራ ነበር። መምህሬ ቢያዩት ይወዱት ነበር ብዬ አሰብኩ።

በአጥሩ የውጭ ገጽ ላይ ተደግፈው የተሠሩ ሱቆች አሉ፤ ካቴድራሉ የሚያከራያቸው ናቸው። ማዕዘኑ ላይ፣ ወደ ቅያሱ መታጠፊያ ያለውን የያዘው አንድ ጉራጌ ነጋዴ ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጥላ፣ ጧፍና የሕፃናት ልብስ ይሸጣል። ራሱ ሙስሊም ነው፤ ጧፎቹ ከተደረደሩበት በላይ የካዕባ ፎቶ ሰቅሏል። ሱቆቹ አጥሩን ስለሸፈኑት እዚያ ምልክቴን በየሱቁ ግድግዳ ላይ አደረግሁ፤ ሜትሬን ይዤ እሱ ጋ ስደርስ ካፊያ ጀመረ።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ዝናቡ ሳይመታሽ» አለና ወንበር ሰጠኝ። ለስላሳም ከፈተልኝ። ሆሳዕና ከመጣሁ ከአክስቴ በቀር እንዲህ ያስተናገደኝ ሰው አልነበረም።

«ለማን ነው የምትለኪው?»

«ለመምህሬ ነው ጋሼ።»

«መምህርሽ ምን ያደርግለታል?»

«ያየዋል።»

«አይቶስ?»

«ጥሩ ከሆነ ያልፋል።»

«ወደ ማን ነው የሚያልፈው?»

«ወደ ትምህርት ክፍሉ።»

ራሱን ነቀነቀ። ደስ ያላለው ስለመሰለኝ ላስደስተው ፈለግሁ። «አይጨነቁ ጋሼ፣ የእርስዎንም ሱቅ አልዘለልኩም። ከነበረንዳው በትክክል ገብቷል» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን አንስቶ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባና ዝቅ ባለ ድምፅ በጉራጊኛ ያወራ ጀመር። መጠራጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። ወሬው ስለ እኔ ካልሆነ ለምን ድምፁን ዝቅ አደረገ? ለስላሳውንስ በነጻ ለምን ከፈተልኝ? ሳልጨርሰው ጠርሙሱን አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቆቹ ፊት ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። መንገድ ሲሰፋ የሚነሳ ቤት በቀይ ቀለም ምልክት እንደሚደረግበት የማያውቅ የለም። የኮሪደር ልማት ወሬ ደግሞ በዚያ ሰሞን በየባጃጁ ይወራ ነበር። ይህንን እኔም አውቃለሁ። የማውቀውን ነገር ከጠመኔዬ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

«ኢንጂነሯ መጣች!» አለ አንዱ።

«ፊደል ሁሉ ሰጥታናለች። እኔ ‹ሐ› ነኝ፣ አንተስ?»

«እኔ ‹መ›። የሚፈርሰው በፊደል ተራ ይሆን?»

የማዕዘኑ ባለሱቅ አልሳቀም። «እኔ ወንበር ሰጥቼሽ» አለ ዓይኔን እያየ። «በቤቴ ተቀምጠሽ!»

ጠመኔ መሆኑን፣ በውሃ እንደሚለቅ ልነግራቸው ሞከርኩ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወሰደኝ። የካቴድራሉ ጸሐፊ ቄስ ናቸው፤ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው። ባለሱቆቹ ተከትለውን ገቡ። የማዕዘኑ ባለሱቅ «ካቴድራሉ እኛን አስነስቶ ፎቅ ሊሠራ ነው፣ ልጅቷንም የላካት ካቴድራሉ ነው» አለ። ቄሱ በበኩላቸው አጥሩን ለመንገድ ሊቆርጡት ከማዘጋጃ ቤት የላኳት ነች ብለው ሠግተዋል። ዘበኛው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበረው። «ጴንጤ ነች» አለ። «ስትገባ አላማተበችም።» ከሦስቱ እውነት የነበረው የእሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ስለ አጥሩ የሚናገረው ነገር የለም።

ቄሱ ሥዕሎቼን አንድ በአንድ አዩ። ፕላኑ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ባዶው መሐል ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«መቅደሱን ብትሥዪው ኖሮ ማን አሳየሽ ብዬ እጠይቅሽ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ መሰለኝ። ቀጥለው ግን ወረቀቶቹን ሰብስበው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «ከዩኒቨርሲቲሽ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ።»

«ቀሲስ፣ ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ተዘግቷል። መስከረም ደግሞ ሥዕሉን ይዤ መገኘት አለብኝ። ካላመጣሁ ምደባው ያልፈኛል።»

መሳቢያውን ገፍተው ዘጉ። «እንግዲያው እነዚህ ሰዎች ቅሬታ የለንም ይበሉኝና ውሰጂው። እኔ ከተከራዮቼ ጋር ጠብ አልፈልግም።»

ሌሎቹ ባለሱቆች ግንቡ ከጸዳ ይበቃናል አሉ። የማዕዘኑ ባለሱቅ ግን «እናያለን» ብሎ ብቻ ወጣ። የእኔ አርክቴክቸር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚህ ሰው እጅ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ባልዲና ጨርቅ ይዤ ምልክቶቼን ሁሉ ጠረግሁ። ማታ አክስቴ እራት አቅርባ ተቀመጠችና ድምጿን ቀንሳ፣ «እኔ ለማንም አልናገርም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማነው የላከሽ?» አለችኝ። እጄን ታጥቤ ከገበታው ተነሳሁ።

በማግስቱ ላጣራ ስሄድ በማዕዘኑ ሱቅ የጎን ግድግዳ ላይ፣ ወደ ቅያሱ በሚያየው በኩል፣ ቀይ ኤክስ ተደርጓል። እኔ ያደረግሁት አይደለም፤ የእኔ ትንሽ ነበር፣ ይሄ የክንድ ያህል ነው። ጠረግሁት። ሌላ ቀን ስመጣ ተመልሷል። ባለሱቁ ከበረንዳው ሆኖ ስጠርግ ያየኛል።

«ቀን ትጠርጊያለሽ፣ ሌሊት ትጽፊያለሽ» አለኝ።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው? ጂኒ ነው?»

ከበስተኋላው መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆነዋል። ጋቢዎቹን፣ ጥላዎቹን፣ የሕፃናቱን ልብስ በካርቶን አሽጎ በገመድ አስሮ አስቀምጧል። የሚያፈርስ ቢመጣ ቶሎ ለመጫን ነው። የሚሸጠው ከጧፍ በቀር ምንም አልነበረም። አዘንኩለት፤ ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ኤክሱን የሚያደርገው ራሱ ቢሆንስ? ካቴድራሉን ለመክሰስ ማስረጃ ፈልጎ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲያ ሳየው እጁን ነበር የማየው፤ ቀይ ነገር እንዳለበት።

የፍልሰታ ጾም ገባ። ግቢው ነጠላ በለበሱ ሴቶችና ሕፃናት ይሞላል፣ በምሽት ባዶ ይሆናል። ምልክቱ በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም ይታደሳል። አንድ ማለዳ ጉም ሳይነሳ ሄጄ ከቅያሱ ማዶ ባጃጆች የሚቆሙበት ዳስ ሥር ተቀመጥኩ። ባለሱቁ ሲመጣ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ነበር ሐሳቤ። ሱቁ ተዘግቷል። የካቴድራሉ ትንሿ በር ተከፈተችና ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ወጣ። ግራ ቀኝ አየ። ከኪሱ የጡብ ስባሪ አወጣና በሱቁ ጎን ግድግዳ ላይ፣ ሙያው የሆነ ይመስል፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ጭሮ ኤክሱን ሠራው።

«አባባ!»

ጡቡን ከካፖርቱ ውስጥ ደበቀ። «ምን ትሠሪያለሽ በዚህ ሰዓት?»

«እርስዎስ?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ሥራዬ ነው!» አለ። ካፖርቱን ትኩር ብዬ ሳይ ተናደደ። «ነይ። ነይ እስቲ አሽትቺ!»

«ምኑን?»

«ግንቡን! ይሸታል?»

አሸተትኩ። የእርጥብ ኖራ ሽታ ብቻ ነው።

«አይሸትም! አይሸትም!» አለ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል። «እዚህ ቤት ዘበኛ ከሆንኩ ጀምሮ ይህ ግንብ መሽኛ ነው። ‹መሽናት ክልክል ነው› ብለን ጻፍን፤ ጽሑፉ ላይ ሸኑበት። እሾህ አጠርን፤ እሾሁን ገፍተው ሸኑ። አንቺ ያቺን ኤክስ ካደረግሽ ወዲህ አንድ ሰው አልቀረበም። የሚፈርስ ግንብ ነው፣ ካሜራ ይኖረዋል፣ ሰዎቹ ይመጡ ይሆናል እያሉ ይሸሻሉ። አንቺ ስትጠርጊው ግን ያንኑ ጀመሩ። እና ምን ላድርግ?»

«የሱቁ ጋሼ ዕቃውን በካርቶን አሽጎ ተቀምጧል እኮ!»

«ያሽግ! ባዶ ካርቶኑን እዚህ ግንብ ሥር የሚከምረው ማን ሆነና ነው? ከካርቶኑ ጀርባ እየተከለሉ አይደል የሚሸኑት? እሱ ራሱ…» ቀሪውን ነጠላ ስለለበስኩ ይመስለኛል አልጨረሰውም።

መሳቅ ነበረብኝ። ግን ሥዕሌ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ነሐሴም እየሄደ ነው። «ወይ እርስዎ ይንገሩት፣ ወይ እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት። ለትልቅ ሰው እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ዞር ብሎ አየና «ቀሲስ እንዳይሰሙ» አለ።

ሱቁ ሲከፈት አብረን ገባን። ዘበኛው ቆሞ፣ ጡቡን ከኪሱ አውጥቶ ጧፎቹ አጠገብ አስቀመጠና ሁሉንም ተናገረ። ባለሱቁ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«እንቅልፍ የነሣኸኝ በሽንት ነው?»

«ያንተው ሽንት ነው!»

«እኔ ቤቴ ነው የምሸናው!»

«ካርቶንህስ?»

ባለሱቁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ዓይኖቹ ጠበቡ። «ተማክራችሁ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ አጥሩን ለካችሁ፣ አሁን ደግሞ በሽንት ታዘናጉኛላችሁ። እንድዘናጋና ድንገት ሊመጡብኝ።»

እውነት የማያሳምነው ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ምክንያቱም እውነቱ ራሱ የተፈጠረ ወሬ ይመስል ነበር። ዘበኛው ከዚያ ወዲያ ኤክሱን አላደሰም፤ ባለሱቁም ካርቶን እዚያ መከመሩን ተወ፤ ይህን ሁለቱም ሳይነጋገሩ አደረጉት። ሰውየው ግን ካርቶኖቹን አልፈታም፤ ቄሱ ዘንድ ሄዶም «ቅሬታ የለኝም» አላለም። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ ሰላም እለዋለሁ። «ደህና» ይለኛል። ወንበር ግን አይሰጠኝም። አባቴ ከዶዮገና ድንች ልኮ ነበርና ከእሱ ይዤለት ብሄድ «ለምንድነው?» ብሎ ድንቹን መለሰብኝ።

ነሐሴ አለቀ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ያንን የእህል መጋዘን ለመሣል ወደ ዶዮገና ልመለስ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ልሰናበት ወደ ካቴድራሉ ስሄድ ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ሕፃናት የሩፋኤል ጠበል ነው እያሉ ግቢው ውስጥ ራሳቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ይሯሯጣሉ። የአዲስ ዓመት ገበያ ደርቷል። ሱቆቹ በሙሉ ሰው ሞልቶባቸዋል። ከሆመቾ የመጡ ሴቶች ማዕዘኑ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለው የሕፃን ልብስ ይጠይቃሉ። ባለሱቁ ባዶ መደርደሪያዎቹ ፊት ቆሟል።

«የለም?» አለችው አንዷ። «እንግዲያው ከጎረቤት እንገዛለን።»

ሴቶቹን አየ። በገመድ የታሰሩትን ካርቶኖች አየ። በር ላይ የቆምኩትን እኔን አየ፤ ያ የጥርጣሬ አስተያየቱ እስከ መጨረሻው አልተለወጠም። ከዚያ ቢላዋ አንስቶ የመጀመሪያውን ገመድ በጠሰ።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለኝ። «ያንን ካርቶን ክፈቺልኝ። ጥላዎቹን ወደዚህ።»

ከፈትኩ። ጥላ፣ ጋቢ፣ ትንንሽ ቀሚስ እያወጣሁ አቀበልኩት፤ እሱም እየደረደረ ይሸጣል። ገበያው ሲቀዘቅዝ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ወረቀቶቼን ይዞ ነበር፤ እንዳይረጥቡ በጋቢ ፌስታል ጠቅልሏቸዋል። ሳይሰጠኝ በፊት አንዱን አውጥቶ ሱቁ ያለበትን ማዕዘን በጣቱ ፈልጎ አገኘው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እዚሁ ነኝ? አልተነሳሁም?»

«እዚሁ ነዎት።»

ያመነኝ አይመስለኝም። ያሸነፈው ገበያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝና ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ዞረ። በዝናቡ ስወጣ የጎን ግድግዳውን ዞር ብዬ አየሁት፤ ነጭ ነበር፣ አይሸትም። ቀኑ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።